ሞልድ ውስጥ የሚወለድ ፕላስቲክ

የተለመደው የፕላስቲክ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። ፍሬ ፍሬ ሆኖ በከረጢት የመጣው ጥሬ ፕላስቲክ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ግሎ ይቀልጣል። ቅላጩ ወፍራም ስለሆነ በመቶዎች ባር በሚቆጠር ግፊት ተጨምቆ ወደ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ይገባል፤ በዚያ ግፊት ሞልዱ እንዳይበረገድ ደግሞ ሁለቱን የብረት ግማሾች ጠርቅሞ የሚይዝ ግዙፍ ማሽን ያስፈልጋል። የመኪና ፓራውልት የሚያክል ዕቃ ከሆነ የመዝጊያው ኃይል በሺህ ቶን ይለካል። ሞልዱም ከጠንካራ ብረት ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም።

ሪአክሽን ኢንጀክሽን ሞልዲንግ፣ በአጭሩ ሪም የሚባለው አሠራር ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያመልጥበት መንገድ አለው። ወደ ሞልዱ የሚያስገባው ፕላስቲክ አይደለም። የሚያስገባው ሁለት ቀጫጭን ፈሳሾችን ነው፤ ፕላስቲክ የሚሆኑት እዚያው ሞልዱ ውስጥ እርስ በርስ ተዋህደው ነው። ፈሳሽን ለመግፋት ብዙ ኃይል አያሻም። ሞልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ10 ባር አይዘልም፤ የፈሳሾቹም ሙቀት ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል።

በዚህ መንገድ በብዛት የሚመረተው ፖሊዩሬታን ነው። ያገኘው ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው፤ ቦታው ሌቨርኩዘን፣ ዘመኑ 1937 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ይግጠም እንጂ ከባየር ኩባንያ መሥራች ቤተሰብ ጋር ዝምድና አልነበረውም። አንዱ ፈሳሽ ፖሊዮል፣ ሌላው አይሶሳያኔት ይባላል። በየበርሜላቸው ተለያይተው ለወራት ይቀመጣሉ፤ ሲገናኙ ግን ወዲያው ሙቀት እየለቀቁ ይያያዛሉ። አገራችን ውስጥ የሚሸጠው ስፖንጅ ፍራሽም የሚሠራው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ልዩነቱ ስፖንጁ እንደ ልቡ እንዲነፋ ክፍት ቦታ ላይ መለቀቁ ነው። ሪም ላይ ድብልቁ በተዘጋ ሞልድ ስለሚታፈን እንደ ቅመማው ልዩነት ድርቅ ያለ ሰሌዳ ወይም ተለጣጭ ጎማ ሆኖ ይወጣል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ፈሳሾቹ ቶሎ እንዲጠነክሩ ተደርገው ይቀመማሉ፤ ፋብሪካው በሰዓት ብዙ ዕቃ የሚያወጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ነገር ግን ቀስ ብለው ከተቀላቀሉ ሞልዱን ሳይሞሉ መንገድ ላይ ይደርቃሉ። በማማሰያ እናዋህዳቸው ቢባልም ማማሰያው ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያርፋል። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ሁለቱን ፈሳሾች ማጋጨት ነው፤ ለእኔ የሥራው ሁሉ ውበት እዚህ ላይ ነው። ፓምፖች እያንዳንዱን ፈሳሽ ከ100 እስከ 200 ባር ባለው ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ይተኩሱታል፤ ሁለቱ ጅረቶች በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ እየበረሩ ከጣት ውፍረት ብዙም በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይላተማሉ። ቅልቅሉ በሺህኛ ሰከንዶች ያልቃል። ከክፍሏ እንደወጣ ግፊቱ ይረግብና ድብልቁ ረጋ ብሎ ወደ ሞልዱ ይፈሳል።

ልኩ ሲሞላ አንድ ፒስተን ወደፊት ይመጣና በክፍሏ የቀረውን ጠብታ ሁሉ ጠርጎ ያስወጣል። በፒስተኑ ጎን ያሉት ቦዮች በዚያው ቅጽበት ሁለቱን ፈሳሾች ወደየታንካቸው ይመልሷቸዋል፤ የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ ሳይገናኙ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። ከዚህ ዓይነቱ ራሱን የሚያጸዳ መሣሪያ በፊት የነበሩት በማማሰያ የሚሠሩ ማሽኖች በየመሐሉ በማሟሟቻ መታጠብ ነበረባቸው። የሁለቱ ፈሳሾች መጠን ከታሰበው ካፈነገጠም ዕቃው አንድም የሚያጣብቅ፣ አንድም የሚሰባበር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሪም ማሽን ገዢ ገንዘቡን በዋናነት የሚከፍለው ለመጠን ልኬትና ለዚህች ትንሽ ክፍል ነው።

ሞልዱ ዘመም ተደርጎ ይቀመጣል፤ ፈሳሹ ከታች እየሞላ አየሩን ከላይ ባለው መተንፈሻ እንዲያስወጣው ነው። ፖሊዮሉ ውስጥ አስቀድሞ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን ይሟሟል። ዕቃው ሲጠነክር ስለሚኮማተር በዓይን የማይለዩት ጥቃቅን አረፋዎች ከውስጥ ገፍተው ፊቱ እንዳይሰረጉድ ያደርጉታል። ፖሊዩሬታን በተፈጥሮው ሙጫ ስለሆነ ሞልዱ በሰም ወይም በመሳሰለው ካልተቀባ ዕቃው አይላቀቅም። ከአንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ባለው ጊዜ ሞልዱ ይከፈታል። የተጋገረ ዳቦ ተመልሶ ሊጥ እንደማይሆን ሁሉ ይህም ዕቃ ዳግም አይቀልጥም፤ የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል።

አሠራሩ በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ ተወለደ። የባየር ኩባንያ በ1967 በዱሰልዶርፉ የፕላስቲክ ዐውደ ርዕይ ላይ አካሏ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ የቢኤምደብሊው ሞተር የተገጠመላት መኪና አቅርቦ ነበር። ሪምን በእግሩ ያቆመው ግን የአሜሪካ መንግሥት ነው። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች በሰዓት 5 ማይል ፍጥነት ከፊት ቢጋጩ የደኅንነት ክፍሎቻቸው እንዳይጎዱ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ተመትቶ ወደ ቅርጹ የሚመለስ፣ እንደ መኪናው ቀለም የሚቀባ ፓራውልት አስፈለገ፤ ተለጣጩ ፖሊዩሬታንም ቦታውን ያዘ። በ1984 ሞዴል የመጣችው ፖንቲያክ ፊዬሮ ደግሞ ፓራፋንጎዋና የበሮቿ ውጫዊ ሽፋን በመስታወት ክር ከተጠናከረ የሪም ፖሊዩሬታን ተሠርተው ነበር። ምርቷ በ1988 ቆመ።

ፓራውልቱም አልቆየም። ከዓመታት በኋላ ርካሽ የሆነው ፖሊፕሮፒሊን ተለጣጭነት ጨምሮ መጣ፤ መኪናው በመቶ ሺዎች ከተመረተ የውዱ ሞልድ ዋጋ በየዕቃው ሲካፈል ከምንም አይቆጠርም። ሪም የተሸነፈው በብዛት ነው፤ በጥራት አልነበረም።

የሪም የዛሬ ኑሮ ከዚያ ይበልጥ የተሰወረ ነው። የመኪና መሪ ሲጨበጥ የሚለሰልሰው ሽፋን ብዙ ጊዜ የዚሁ አሠራር ውጤት ነው፦ ግድግዳው ቀዝቀዝ ያለ ሞልድ አረፋ የሚያስነሳውን ጋዝ ከዳር ስለሚያፍነው መሐሉ አረፋ፣ ፊቱ ድፍን ቆዳ ይሆናል። ቀድሞ ለዚህ ያገለገለው ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳ ስለነበር ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ወዲህ በሌላ ተተክቷል። የመኪና መስታወት ዳር ዙሪያውን የያዘው ጥቁር ጎማም አንዳንዴ መስታወቱ ሞልድ ውስጥ ተቀምጦ በሪም የተቀረጸበት ነው። ሆስፒታል ውስጥ የኤምአርአይ ማሽንን ከሚሸፍኑት ትልልቅ ነጭ ክፍሎች ብዙዎቹ እንዲሁ ይሠራሉ። በዓመት ጥቂት መቶ ማሽን ለሚያመርት ኩባንያ የብረት ሞልድ ኪሳራ ነው፤ ለሪም የአሉሚኒየም ሞልድ ይበቃዋል።

ለከባድ ሥራ ዲሳይክሎፔንታዳይን የሚባል ሌላ ፈሳሽ አለ፤ ከፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኝ፣ ሽታው የሚከረፋ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ታንኮች የያዙት ያንኑ ፈሳሽ ነው። አንዱ ቀስቃሹን፣ ሌላው አጋዡን ይሸከማል፤ ሲገናኙ ቀለበት የነበሩት ሞለኪውሎች ተከፍተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሜታቴሲስ የሚባለውን ይህን ምላሽ ላበለጸጉት ለኢቭ ሾቫን፣ ለሮበርት ግራብስና ለሪቻርድ ሽሮክ የ2005 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል። ውጤቱ ምት የሚችል፣ ኬሚካል የማይበላው ፕላስቲክ ነው፤ የጭነት መኪናና የትራክተር ኮፈን፣ ክሎሪን የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም የሚገለገሉበት ክዳን ይሠራበታል።

እንከኑም መነገር አለበት። የአይሶሳያኔት ትነት በሥራ ላይ ከሚመጡ የአስም መነሾዎች አንዱ ነው፤ አንዴ የተቆጣ ሳንባ ከዚያ ወዲያ በጥቂቱም ይታመማል። በ1984 ቦፓል ላይ ሺዎችን የፈጀው ጋዝ የዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም የተለየና ለፀረ ተባይ መድኃኒት የሚውል ነበር፤ ያ ማለት ግን እዚህ ያለ አየር ማስወጫና ያለ ጭንብል ይሠራል ማለት አይደለም። ያረጀ ዕቃም አቅልጦ እንደገና መሥራት ስለማይቻል ዕጣው ተፈጭቶ መሙያ መሆን ወይም በኬሚካል መፍረስ ነው፤ ይህ ደግሞ ወጪ አለው።

ስለዚህ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ለማምረት ያሰበ ሰው አስቀድሞ በዓመት ስንት እንደሚሸጥ ይቁጠር። ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ከሆነ ሪም ያዋጣዋል፤ መቶ ሺህ ከደረሰ ገንዘቡን በብረት ሞልድ ላይ ያውል።