ቆራሌውና ሁለተኛው የዕቃ ዕድሜ

የተሰበረ፣ የተጣመመ፣ የዛገና ያረጀ ዕቃ ከቤት ወጥቶ ከአጥር ሥር በተጣለ ጊዜ ነገሩ በዚያው ያበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው የናቀውን የሚያከብር፣ የተጣለውን አንሥቶና መዝኖ ዋጋ የሚቈርጥለት ሌላ ሰው እንዳለ ጧት ጧት ከመንደር መንደር የሚያስተጋባው «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ይነግረናል። ቆራሌው ባዶ ማዳበሪያውን በትከሻው አንግቶ ወይም ጋሪውን እየገፋ ይመጣል፤ የቤቱም እመቤት ድምፁን በሰማች ጊዜ የሚያፈስሰውን ብረት ድስት፣ እጀታው የወለቀውን መጥበሻ፣ ባዶውን ጠርሙስና የተሰነጠቀውን ጀሪካን ከጓዳዋ ሰብስባ ትወጣለች፤ ጥቂት የዋጋ ክርክር ይሆናል፤ ከዚያም ገንዘቡ ወደ መቀነቷ፣ ዕቃው ወደ ማዳበሪያው ይገባል። ይህን በየቀኑ የምናየውን፣ በየቀኑ ስለምናየውም ልብ ያላልነውን ሰው ከነሥራው ሥርዐት ለአንባቢ ማስተዋወቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የምጽፈው ከፎገራ ሜዳ ሆኜ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ፣ አዲሱ ዕቃ ሲገባም ሆነ አሮጌው ሲወጣ በእርሷ በኩል ያልፋል። ርብና ጉማራ በክረምት በሚያጥለቀልቁት በዚህ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ቀድሞ በላሞቹ ወተት ዛሬ ደግሞ በሩዙ በሚታወቀው አገር፣ የገበሬው ጓዳ ከአባቱ ጓዳ እጅግ ተለይቷል። እንስራው በቢጫው የዘይት ጀሪካን፣ ስልቻው በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቅሉ በፕላስቲክ ጆግ ተተክቷል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የሩዝ መፈልፈያ መኪናም ከነመለዋወጫቸው ገብተዋል። ጥንት እንስራ በተሰበረ ጊዜ ገሉ ፍሕም መጫሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር፣ ከዚያም ደቆ ከአፈሩ ይቀላቀል ነበር፤ ፕላስቲክ ግን አፈር የማይቀበለው እንግዳ በመሆኑ የሚያነሣው ሰው ካላገኘ በጐርፉ ተንሳፎ ወደ ጣና ይወርዳል።

ይህን ስንል አሮጌን ዕቃ መልሶ ለአገልግሎት ማብቃት ከቆራሌው ጋራ የመጣ ልማድ ነው ማለታችን አይደለም። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲያቀኑ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ተራራውን የከደነው ደንና በውስጡ ያለው ጣራ ገዳም ይታያል፤ የአንድነት ኑሮ በሚኖርበት ገዳም ንዋይ ሁሉ የማኅበሩ እንጂ የአንድ ሰው ገንዘብ ስላልሆነ፣ ማንም ተነሥቶ «ይህ ለእኔ አይረባኝም» ብሎ የሚጥለው ነገር የለም። በወንጌልም ሕዝቡ በልቶ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ ተለቅሞ 12 መሶብ እንደ ሞላ የሚሰማ ሰው ትራፊን ማንሣት ነውር ነው ብሎ አያስብም። ከሁሉ ይልቅ ይህን ጠባይ አጕልቶ የሚያሳየው የብራና መጽሐፍ ነው። የጥንት መጻሕፍታችንን የመረመሩ ሊቃውንት ደጋግመው እንዳገኙት፣ በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ለመጠበቂያ የገቡት ቅጠሎች ብዙ ጊዜ ካረጀና ከፈረሰ ከሌላ መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ቆዳው ሲፋቅ የተበሳው ብራናም አይጣልም፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጸሐፊውም መስመሩን ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ አድርጎ ይጽፋል፤ የመጽሐፉን የእንጨት ገበታ ገልጦ በውስጥ በኩል ለተመለከተም በቆዳው መካከል ከሩቅ አገር የመጣ የሐር ወይም የአበባ ጨርቅ ቍራጭ እንደ መስኮት ተለጥፎ ይገኛል። ልብስ ሆኖ ያለቀ ጨርቅ ለቃለ እግዚአብሔር ጌጥ ሆነ ማለት ነው። በየደብሩም ደጃፍ የተሰቀለውን ደወል ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንዳንዱ ባዶ የመድፍ ቀለህ መሆኑን ያስተውላል፤ ለሞት የተሠራው ነሐስ ምእመናንን ለጸሎት ይጠራበታል።

እንግዲህ ወደ ቆራሌው እንመለስ። ሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የዕውቀት ሙያ ነው። አላፊ አግዳሚው ቍርጥራጭ ብረት ብቻ በሚያይበት ስፍራ እርሱ ብረቱን ከአሉሚኒየሙ፣ መዳቡን ከነሐሱ ለይቶ ያያል፤ አንዳንዱ ማግኔት አስጠግቶ የተሳበው ብረት፣ ያልተሳበው ሌላ ማዕድን መሆኑን ይፈርዳል፤ ሌላውም ማግኔት ሳይሻ በእጁ አንሥቶ በክብደቱ፣ ፍቆ በቀለሙ፣ በድንጋይ መትቶ በድምፁ ይለየዋል። ይህ መለየት ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ የማዕድናቱ ባሕርይ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ሁሉ ዋጋቸውም ልዩ ልዩ ነውና። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ ከሰልና ነፋስ የሚሰጥ ወናፍ ያለው ሰው በጓሮው ሊያቀልጠው ይችላል፤ መዳብ 1085 ዲግሪ ይሻል፤ ብረት ግን ከ1500 ዲግሪ በላይ ስለሚጠይቅ ቀጥቃጩ አግሎ በመዶሻ ያለዝበዋል እንጂ አያቀልጠውም፣ እንደ ውሃ የሚፈስሰው በፋብሪካ ምድጃ ነው። ደግሞም አሉሚኒየምን ከጥሬው አፈር አንጥሮ ለማውጣት ከሚጠፋው ኃይል ውስጥ አሮጌውን መልሶ ለማቅለጥ የሚበቃው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታቹ የተበሳ ድስት ወደ ጕድጓድ በተጣለ ጊዜ የሚባክነው ድስቱ ብቻ ሳይሆን እርሱን ለማስገኘት የነደደው እሳት ሁሉ ነው። ቆራሌው ይህን በቍጥር አይናገረውም፤ ነገር ግን ለአሉሚኒየም ከብረት አብልጦ ሲከፍል የተናገረው ይህንኑ ነው።

ከመንደር የተሰበሰበው ዕቃ በመጀመሪያ የሚያርፈው በጅምላ ገዥው ግቢ ነው። በዚያም እንደ ዓይነቱ ይለያል፤ ብረቱ በአንድ ወገን፣ ጠርሙሱ በሌላ ወገን፣ ፕላስቲኩ በሦስተኛው ይከመራል፤ በኪሎ የሚሸጠው በሚዛን፣ በፍሬ የሚሸጠው በቍጥር ሆኖ ሒሳቡ ይዘጋል። ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ወንድም ሥራም አለ፤ እርሱም ልዋጭ ነው። የልዋጭ ነጋዴ ገንዘብ አይከፍልም፤ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ብርጭቆና ሰሐን ተሸክሞ ይዞርና በእነርሱ ፈንታ አሮጌ ልብስና አሮጌ ጫማ ይወስዳል። ከጥንቱ የዕቃ በዕቃ ንግድ በከተማ ተርፎ የምናየው ምናልባት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ሁሉ ወንዝ ባሕሩ መርካቶ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ የተመሠረተው ይህ ታላቅ ገበያ እያንዳንዱን ዕቃ በየተራው ደልድሎ ሲይዝ፣ ለተጣለው ዕቃ የደረሰው ስፍራ ምናለሽ ተራ ይባላል። ወደዚያ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው መልክ ሳይሆን ድምፅ ነው፤ መዶሻው በቆርቆሮ ላይ፣ መጋዙ በብረት ላይ፣ መሮው በበርሜል ላይ ከጧት እስከ ማታ ያስተጋባል። የነዳጅ በርሜል ለሁለት ተተርትሮ ከተዘረጋ በኋላ ጥቅልሉ በመዶሻ እየተመታ ይስተካከላል፣ ከዚያም የከሰል ምድጃ፣ የቤት በር ወይም የገንዳ ጎን ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጣጥሎ የልብስ ሳጥን በሆነ ጊዜ በውጭ በኩል አረንጓዴና ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ክዳኑን ለከፈተው ግን የዘይቱ ፋብሪካ ጽሕፈት በውስጡ እንደ ታተመ ይነበባል።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ስለ ኩራዝ ጥቂት ልዘግይ፤ መብራት ባልደረሰበት ገጠር ስንቱ ልጅ ፊደል የቈጠረው፣ ስንቱም የቆሎ ተማሪ የቀን ትምህርቱን በሌሊት ያጠናው በእርሱ ብርሃን ነውና። ባለሙያው ባዶውን የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንሥቶ የሻከረውን ከንፈሩን በመቀስ ይከረክማል፤ ከሌላ ቆርቆሮ ክብ ክዳን ቈርጦ ከጣሳው አፍ ጋራ ያስማማዋል፤ የክዳኑን መካከል በሚስማር በስቶ ከቀጭን ቆርቆሮ የጠቀለላትን ትንሽ ቱቦ በቀዳዳው ያሳልፋታል፤ በጎኑም አንድ ጣት የምታስገባ ቀለበት ያጣብቅለታል። ክር ለማጠንጠን የማይበቃ የጥጥ ትራፊ ተገምዶ በቱቦው ሲገባ፣ ከታችም ላምባ ሲፈስስ፣ ላምባው በክሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣና ይነድዳል። ከላምባው በቀር በዚህ ዕቃ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተገዛ አንድም ነገር የለም፤ ሁሉም ከሌላ አገልግሎት የተሰናበተ ነው። ጭሱ ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው መብራት ሲተካው ደስ ሊለን ይገባል፤ ቢሆንም ውለታው ሊዘነጋ አይገባም።

የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው። ኮፐርቶኒው መንገድ መያዝ ባቃተው ጊዜ ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል፤ ወፍራሙ ለጫማው መርገጫ፣ ስሱ ለማሰሪያው ይውላል፤ ከመነዳሪውም በቀጭኑ ተተርትሮ በአህያና በሞተር ብስክሌት ላይ ጭነት ይጠፈርበታል።

ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ሰው ግን የሚገባውን ክብር አላገኘም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራውና ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በሥራው ይጠቀሙ በነበሩ ሰዎች አፍ ቡዳና ጠይብ ተብሎ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም ባሠሩበት በዚሁ በቤጌምድር ምድር የብረት ሥራ መናቁ የበለጠ ያሳዝናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲከለከል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም፣ ዛሬም ቆራሌውን እንደ ሌባ የሚጠረጥር፣ ልጁንም «ካልተማርህ ቆራሌ ትሆናለህ» ብሎ የሚያስፈራራ ወላጅ አለ። ሰርቆ የሚሸጥለት ሰው እንደሚኖር አይካድም፤ ስለ ጥቂቶች ግን መላውን ሙያ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ንቀቱ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ስፍራም አለ። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ፣ የከተማው ውዳቂ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተራራው በተናደ ጊዜ፣ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ከነበሩት መካከል ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከክምሩ ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ኑሯቸውን የሚገፉም በዚያ ነበሩ። ዕቃው ከየቤቱ ደጃፍ ሳይበላሽ ተለይቶ ቢነሣ ኖሮ ብዙው ወደ ክምሩ ባልደረሰ፣ የሚለቅመውም ሰው ወደ አደጋው ባልወጣ ነበር። ለዚህ ነው የቆራሌው ጥሪ የከተማ ጽዳት ሥርዐት የመጀመሪያው እርከን ተደርጎ ሊቈጠር ይገባዋል የምለው።

በመጨረሻ ለፎገራ ገበሬዎችና ለቤት እመቤቶች አንድ ልመና አለኝ። በሩዙና በአትክልቱ ማሳ የሚረጨው የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚመጣበት ዕቃ ጠንካራና ክዳኑ የሚገጥም በመሆኑ ለዘይት፣ ለጠላና ለመጠጥ ውሃ የሚያስመኝ ነው፤ ነገር ግን መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ ንጹሕ አይሆንም። ስለ ዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ ያልሁት ይህን አይጨምርም። መርጫው በሚሞላበት ጊዜ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ ያለቀለቃችሁበትንም ውሃ ወደ መርጫው መልሱት፤ ከዚያ ታቹን በሚስማር ብሱት፣ ከልጆችና ከከብት አርቁት፣ የት እንደሚወገድም የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ለቆራሌው ግን በምንም ዋጋ አትሽጡለት፤ ከእርሱ የሚገዛው ሰው ምን እንደ ነበረበት አያውቅምና።