አንባቢ ከየት ሆኖ ያነባል? የ«አደፍርስ» አንድ የቆላ ንባብና የግል ምላሽ በጥናት ውስጥ ያለው ቦታ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ስለ ደራሲው፣ ስለ ዘመኑና ስለ ድርሰቱ ቅርጽ በሰፊው ይተነትናሉ። ጥናቱን ያካሄደው ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ምን እንዳጋጠመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። «ተሰማኝ» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ጥንቃቄው ተገቢ ቢሆንም የሚያስቀረው ነገር አለ። የተለመደውን የአተራረክ ሥርዓት ሆን ብለው በሚያፈርሱ ድርሰቶች ዘንድ የአንባቢው ግራ መጋባት፣ መሰልቸትና ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ከድርሰቱ አሠራር ተነጥለው አይታዩም፤ እነርሱን የተወ ጥናት የድርሰቱን ግማሽ ትቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ የግል ምላሽ መቼና እንዴት ለጥናት እንደሚበቃ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» በምሳሌነት ወስዶ ለማብራራት ይሞክራል። የንባቡ መነሻ ቦታ ቀወት፣ ማለትም የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ነው።

የክርክሩ መነሻ

የአንባቢን ምላሽ ከሂስ ለማስወጣት የተደረገው ጥረት በምዕራቡ ዓለም ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት አንድን ግጥም በሚያሳድረው ስሜት መመዘን ስሕተት ነው ብለው በጻፉ ጊዜ ነው። በተቃራኒው ሉዊዝ ሮዘንብላት ገና እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመችው መጽሐፍ ድርሰት ትርጉም የሚያገኘው በጽሑፉና በአንባቢው መካከል በሚደረግ ልውውጥ ነው ስትል ተከራክራ ነበር። ሃንስ ሮበርት ያውስ ደግሞ እያንዳንዱ ትውልድ ከመጽሐፍ አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ አዲስ ሥራ የሚለካው ይህን አድማስ በማስፋቱ ወይም በመስበሩ ነው ሲል፣ ቮልፍጋንግ ኢዘር ጽሑፍ ሆን ተብለው የተተዉ ክፍተቶች እንዳሉትና አንባቢው እነርሱን እየሞላ እንደሚሄድ አስረድቷል።

ለኢትዮጵያዊ አጥኚ ይህ ክርክር እንግዳ ሊሆን አይገባም። የአንድምታ ትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በበርካታ መንገድ ሲፈቱት ኖረዋል። ይሁን እንጂ አንድምታ የፈለጉትን ሁሉ ለመናገር ፈቃድ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ «አንድም» ወደ ንባቡ ተመልሶ መቆም ይኖርበታል። የቅኔ ተማሪም ወርቁን በሰሙ ላይ ሳያሳይ አግኝቻለሁ ቢል መምህሩ አይቀበለውም። የትርጓሜ ብዛትና የንባብ ግዴታ በአንድነት ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ የራሳችን ልማድ አለን ማለት ነው።

መጽሐፉና የተጠበቀው ነገር

ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ በዚያው በደሴ አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው በደብረ ሲና ነው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጥቶ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ተራኪው አንባቢውን እጁን ይዞ ይመራዋል፤ የባለታሪኮቹን ልብ ይገልጥለታል፤ ታሪኩም ከትውልድ እስከ ሞት በቅደም ተከተል ይፈሳል። «አደፍርስ»ን ያነሣ የዘመኑ አንባቢ ይህን መሪ ፈልጎ አላገኘውም። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የመጣው ወጣት፣ እንደ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉ ባለርስቶች፣ ካህናትና ተማሪዎች እየተነሡ ይከራከራሉ፤ ማን እንደረታ የሚበይን ድምፅ የለም። ንግግሩ ረዥም ነው፤ ቃላቱ የአካባቢው ናቸው፤ የመልክዓ ምድሩ ገለጻም ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መጽሐፉ «ከባድ» ተባለ።

ከላይ በተጠቀሰው ንድፈ ሐሳብ ዓይን ስናየው «ከባድ» የሚለው ቃል የመጽሐፉን ጠባይ ብቻ አይገልጽም፤ አንባቢው ይዞት የመጣውን አድማስም ይናገራል። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ለማን ከባድ ሆነ የሚለው ነው። በከተማ አንባቢ ዘንድ እንደ እንቅፋት የሚቆጠረው የይፋት አነጋገርና የቁልቁለቱ መልክዓ ምድር ለአካባቢው ተወላጅ የዕለት ኑሮ ነው። እርሱን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ለምሳሌ የክርክሮቹ ዳኛ ማጣት።

አንድ ስም፣ ሦስት «አንድም»

የግል ምላሽ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የባለታሪኩን ስም ብቻ እንውሰድ። «አደፍርስ» ከ«ደፈረሰ» የወጣ፣ እንደ «አሸብር» ሁሉ የትእዛዝ መልክ ያለው ስም ነው። አንባቢ ሁሉ በቀላሉ የሚደርስበት ፍቺ «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ወጣቱ የረጋውን ኅብረተሰብ ያናውጣል፤ ከናወጠ በኋላ ይጠራል። አንድም፣ የደፈረሰው የባለታሪኩ የራሱ አእምሮ ነው፤ ትምህርቱና አገሩ ሳይዋሐዱለት የቀሩበት ወጣት ስሙን በውስጡ ይሸከማል።

ሦስተኛው የእኔ ነው፤ የመጣውም ካደግሁበት ቦታ ነው። በቀወት ድፍርስ ውኃ ማለት የክረምት ጎርፍ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ ምዕራቧን የከለላት ተራራ በጣርማ በር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፤ ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሮቢ ወንዝ ቀይ ሆኖ ይመጣል። በዚህ አገር ውኃ የሚደፈርስበትና የሚጠራበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ የተሸረሸረው አፈር ከታች ለአንዱ ደለል ሆኖ ማሳውን ያለማለታል፤ የሌላውን ሽንኩርትና ማሽላ ጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ስሙን ሳነብ ምሳሌያዊው አነጋገር ያላነሣው ጥያቄ መጣብኝ፦ ሲደፈርስ አፈሩ ከማን ተወስዶ ለማን ይደርሳል?

ይህ ምላሽ እንዳለ ቢቀር የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ለጥናት የሚበቃው ወደ ጽሑፉ የሚመልስ ጥያቄ ሲወልድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ይወልዳል። አንደኛ፣ ስለ ለውጥ በሚደረጉት ክርክሮች ውስጥ የሚናገሩት እነማን ናቸው? የጭሰኛውና የአገልጋዩ ድምፅስ ስንት ጊዜ ይሰማል? ሁለተኛ፣ የመሬቱ ገለጻ የሚገባው በየትኛው ክርክር አጠገብ ነው? ሦስተኛ፣ ገለጻው የሚመለከተው ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ? እነዚህ በመቁጠርና በማነጻጸር የሚመለሱ ናቸው። መልሱ ንባቡን ካልደገፈው ንባቡ ይወድቃል፤ ከደገፈው ደግሞ ከከተማ የተነሣ አጥኚ ሊያነሣው ያልቻለ ጉዳይ ተገኝቷል ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን

ይህ አካሄድ ለዛሬው የሙከራ ልቦለድ የበለጠ ያስፈልጋል። አዳም ረታ እንጀራን አርአያ አድርጎ «ሕፅናዊነት» ባለው የአጻጻፍ ስልት የአንዱን ታሪክ ክር ከሌላው ጋር ያያይዛል፤ የግርጌ ማስታወሻንም ከጥናት ወረቀት ወስዶ ወደ ልቦለድ አስገብቷል። የግርጌ ማስታወሻ ያለው ልቦለድ ለአንባቢው ምርጫ ያቀርብለታል። ወዲያው ወደ ግርጌ የሚወርድ፣ ምዕራፉን ጨርሶ የሚመለስና ከነጭራሹ የሚዘለው ሰው ያነበቡት አንድ ታሪክ አይደለም። እንግዲህ አጥኚው «አንባቢው ይህን ይረዳል» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን አንባቢ ማለቱ እንደሆነ መናገር አለበት፤ ቢያንስ እርሱ ራሱ በምን ቅደም ተከተል እንዳነበበ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል።

ለተመራማሪው የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት አራት ተግባራዊ ደረጃዎችን ማስቀመጥ ይቻላል። ቀዳሚው፣ ሌሎች የጻፉትን ሂስ ከማንበብ በፊት የመጀመሪያ ንባብን ገጽ እየጠቀሱ መመዝገብ ነው፤ ሂስ ከተነበበ በኋላ የራስንና የሌላውን ስሜት መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው ምላሹን መመደብ ነው፦ ከቃል እውቀት የመጣ ነው? ከቦታ ትውውቅ? ወይስ ከእምነትና ከአቋም? ሦስተኛው ምላሹን በጽሑፉ ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ ወደሚችል ጥያቄ መለወጥ ነው። አራተኛው ከሌላ ቦታ የመጣ አንባቢን መጠየቅና ልዩነቱን ሳያለሳልሱ ማስቀመጥ ነው። ለ«አደፍርስ» ሁለተኛው አንባቢ ከደብረ ሲና ቢሆን መልካም ነው፤ ጎርፉን ከመነሻው የሚያውቅ ሰው የእኔን ንባብ አይቀበለው ይሆናል።

ዘዴው ወሰን አለው። አንድ አንባቢ አካባቢውን አይወክልም፤ ቀወት ውስጥም አማራው፣ አርጎባውና ሌላውም መጽሐፉን አንድ ዓይነት አያነበውም። ስታንሊ ፊሽ እንዳስገነዘበው ምላሻችንን ራሱን የሚቀርጹት የምንኖርባቸው የትርጓሜ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ክፍልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ክፍሉ ተማሪውን የትውልድ ቦታውን እውቀት ከደጅ ትቶ እንዲገባ ካስለመደው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘን የመጡ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ንባብ ይዘው ይመረቃሉ። እንዲህ ከሆነ በይፋት ምድር ላይ የተጻፈ መጽሐፍ የይፋት ሰው ሊጨምርለት የሚችለውን ሳያገኝ ይቀራል።