ጨውን ከውሃ ማውጣት ለምን ይወደዳል?

ጨው የበዛበት ወጥ ውሃ ሊጨመርበት ይችላል፤ አንዴ የገባውን ጨው መልሶ ማውጣት ግን የትኛዋም ባለሙያ አትችልም። በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የሚያለሙ ወገኖች የገጠማቸውም ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

በመተሐራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ለመስኖ አይመችም። ሐይቁ የአገዳ ማሳውንና የግጦሽ መሬቱን እየተጋፋ በመምጣቱ፣ ትርፍ ውሃው በመጠን እየተለካ ወደ አዋሽ ወንዝ እንዲገባ ተደርጓል። ከዚያ በታች፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ደግሞ ጨው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ለዓመታት የፈሰሰው የመስኖ ውሃ መውጫ በማጣቱ ጨዋማውን የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ አነሣው። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨው በማሳው ላይ ቀረ፤ የጥጥ እርሻም ከምርት ውጭ ሆነ።

ታዲያ ጨዋማውን ውሃ አጣርቶ መጠቀም አይቻልም? ይቻላል። ነገር ግን ሥራው ከተወሰነ ዋጋ በታች አይወርድም፤ ወለሉን ያስቀመጠው የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ጨው በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ማንም ሳያስገድደው ነው። ቴርሞዳይናሚክስ የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ እንደሚያስረዳው፣ በራሱ የተቀላቀለን ነገር መልሶ ለመለየት የግድ ኃይል መክፈል ያስፈልጋል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ከዚህ ውሃ ግማሹን ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። የትኛውም መሣሪያ ከዚህ በታች መውረድ አይችልም።

አፍልቶ መለየት ከሁሉ የከፋው ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ ያውቁታል፤ እሳቱ የሰጠው ሙቀት አብዛኛው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ገብቶ ይቀራል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ በዚህ መንገድ ለማትነን ከ600 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጣቢያዎች ሙቀቱን ደጋግመው በመጠቀም ወጪውን ይቀንሳሉ።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃውን አያፈላም፤ ጨው በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል። የባሕር ውሃ ራሱ 27 ባር ያህል ግፊት ስለሚመልስ ፓምፖቹ ከ55 እስከ 70 ባር ይገፋሉ። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ጠቅላላ ፍጆታው በሜትር ኪዩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቴክኖሎጂው ወደ ወለሉ ተጠግቷል ማለት ነው፤ ነገ ዋጋውን በአሥር እጥፍ የሚቀንስ ማሽን ይመጣል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

አንድ ኪሎ ስንዴ ለማምረት አንድ ሜትር ኪዩብ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይጠፋል። ስለዚህ ከባሕር በተጣራ ውሃ ለሚበቅል አንድ ኩንታል ስንዴ ቢያንስ 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ለውሃው ብቻ ይወጣል። ሥራው የተሞከረው ውድ ዋጋ በሚያወጣ ሰብል ላይ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። በደቡብ አውስትራሊያ፣ በፖርት ኦገስታ፣ በፈረንጆቹ 2016 ሥራ የጀመረ 20 ሄክታር የግሪንሃውስ እርሻ የባሕር ውሃን በፀሐይ ኃይል እያጣራ ቲማቲም ማምረት ጀምሮ ነበር። በእስራኤልም ከአሽቀሎን ጣቢያ የወጣው ውሃ ለመስኖ ሲውል ሌላ ጣጣ ታይቷል። ማጣሪያው ከጨው ጋር ማግኒዥየምንም ስለሚያስወግድ ሰብሉ እጥረት ገጠመው።

የአዋሽ ሸለቆ ውሃ እንደ ባሕር ስላልከፋ የሚፈልገው ኃይል ያነሰ ነው። ጨው በሊትር 3 ግራም ከሆነ ወለሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ችግሩ ተጣርቶ የሚቀረው ብርቱ ጨዋማ ውሃ የሚደፋበት ማጣቱ ነው። የባሕር ዳር ጣቢያዎች ወደ ባሕር ይመልሱታል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ መጨረሻው በጅቡቲ ድንበር ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። ወደ ወንዙ የገባ ጨው ከሸለቆው አይወጣም።

ስለዚህ ርካሹ ሥራ ጨው ወደ ማሳው ሳይደርስ መቅደም ነው። በመጠን ማጠጣት፣ ውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ መቆፈርና በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። የተጎዳውን ማሳ በጥሩ ውሃ ማጠብ የሚጠቅመውም የታጠበው ጨው የሚወርድበት ቦይ ካለ ነው። ጥጥና ገብስ ጨው ሲቋቋሙ ሽንኩርትና ቦሎቄ ቶሎ ይጎዳሉ። በደለል የተደፈነ ቦይ ባለበት ማሳ ላይ ግን ጥጡም ቢሆን ብዙ አይቆይም።