ሁለት ሰው፣ አንድ ጥፋተኛ?

በ2005 ዓ.ም በዲ ኤስ ቲቪ ይታይ የነበረውን «ቢግ ብራዘር አፍሪካ» የሚያስታውሱ ታላላቆች ይኖሯችኋል። ከ14 አገሮች የመጡ 28 ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሌት ተቀን በካሜራ ይቀረጻሉ፤ ለአሸናፊው 300,000 የአሜሪካ ዶላር ይሰጣል። አንዷ ተወዳዳሪ ኢትዮጵያዊት መምህርት ነበረች። እሷና የሴራሊዮኑ ተወዳዳሪ ካሜራ ፊት ወሲብ ፈጸሙ ተብሎ አገር ተንጫጫ። ታዲያ «አገር አዋረደች» የተባለችው እሷ ናት። ወንዱስ? በሱ የተቆጣ ብዙም አልተሰማ!

እንዲህ ያሉ ሪያሊቲ ሾዎች ራሳቸው ነገሩን ያባብሱታል። ከረጅሙ ቀረጻ ተመርጦ ጎልቶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የሴት ለቅሶና ቅናት፣ የወንድ ጉልበትና ጠበሳ ነው። ያየ ሰው «ሴት እኮ እንዲህ ናት» ይላል። ተቆርጦ የቀረውን ማን አየው?

ዲሽ በሌለበት መንደርም ሆነ በመካነ ሰላም ከተማ ይኸው ፍርድ አለ። ሴት የሚቀያይር ልጅ «አራዳ» ይባላል፤ «ኮንዶም እንጠቀም» ያለች ልጅ ግን «የለመደባት» ትባላለች። ስሟ እንዳይጠፋ ዝም ትላለች። እሱም አራዳነቱ እንዳይነካበት ሳይመረመር ይቀራል።