ክንድ ላይ የተለካው ግፊት ልብ የሚገጥመው ግፊት ነው?

ክንዳችን ላይ የሚነበበው የደም ግፊት ቁጥር ልባችን የሚገጥመውን ጫና በቀጥታ የሚነግረን ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። የግፊት ሞገድ ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ፣ ተነሥቶ ወደ ክንድ ሲጓዝ ጫፉ እየሾለ ስለሚሄድ፣ የላይኛው ቁጥር ክንድ ላይ ከፍ ይላል፤ በተለይ በወጣቶች ልዩነቱ ሰፊ ነው። የታችኛው ቁጥርና አማካዩ ግን እምብዛም አይለወጡም። የአንገቱ ካሮቲድ ደም ቅዳ ግን ለአኦርታ ቅርብ ስለሆነ ሞገዱ ከአኦርታው ጋር ይቀራረባል። እስክሪብቶ የሚመስል ቶኖሜትር ትርታው ከሚመታበት ቦታ ላይ ቀስ ተብሎ ሲጫን የሞገዱን ቅርጽ ይቀዳል፤ መርፌ አያስፈልግም። ቅርጹ ከክንድ በተገኙት የታችኛውና አማካይ ቁጥሮች ሲሰላ የማዕከላዊው ግፊት፣ ማለትም በአኦርታ ውስጥ ያለው ግፊት፣ ግምት ይወጣል።

ልዩነቱ ከንቱ ዝርዝር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ካፌ የተባለ ጥናት፣ ከእጅ አንጓ ትርታ በተሰላ ልኬት፣ በአቴኖሎልና በአምሎዲፒን ላይ የተመሠረቱ ሁለት የደም ግፊት ሕክምናዎችን አነጻጽሯል። ክንድ ላይ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ማዕከላዊው የላይኛ ግፊት ግን በአምሎዲፒን ወገን በ4.3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ብሏል። «ስሌቱ በክንድ መለኪያ ላይ ከቆመ ስሕተቱም አብሮ ይመጣል» የሚሉ ባለሙያዎች እውነት አላቸው፤ ለዚህም ነው የክንዱ ልኬት በትክክለኛ መጠቅለያና ከዕረፍት በኋላ መወሰድ ያለበት። የሞገዱ ቅርጽ የሚሰጠው መረጃ ግን ከክንድ ቁጥር አይገኝም። እስካሁን የሕክምና መመሪያዎች የሚመሩት በክንድ ልኬት ስለሆነ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት አትቀይሩ፣ አታቋርጡ። አንገታችሁንም ራሳችሁ አትጫኑ፤ የልብ ምትን በድንገት ሊያዘገይ ይችላል።