መብራት ሲጠፋ ጽሑፋችን የት ይደርሳል?

የመመረቂያ ጽሑፋችንን ልናስረክብ ጥቂት ቀናት ቀርተውናል እንበል። ፋይሉን እንዲያስቀምጥ ኮምፒዩተሩን ባዘዝንበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ የወራት ድካማችን ምን ይሆናል? መልሱ በአብዛኛው የተመሠረተው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሙ ለውጦችን በሚያስቀምጥበት ስልት ላይ ነው።

ፋይል ማለት የባይቶች ሰልፍ ነው። በተለመደው አሠራር በነባሩ ላይ መደረብ ወይም በሰልፉ ጫፍ መቀጠል እንጂ መሐል መግባት አይቻልም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 100 ሚሊዮን ባይት ባለው ፋይል መጀመሪያ ላይ አንዲት «ሀ» ብንጨምር፣ ተከታዩ ሁሉ በ3 ባይት ቦታውን መልቀቅ አለበት።

በእያንዳንዱ ፊደል ይህን ማድረግ አድካሚ በመሆኑ ፕሮግራሙ ለውጡን በቅድሚያ በሜሞሪ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1974 በዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል የተሠራው ብራቮ የተባለው ፕሮግራም የተጠቀመበትን ዘዴ «የቁራጮች ሰንጠረዥ» ልንለው እንችላለን። ነባሩ ጽሑፍ አይነካም፤ አዲሱ ለብቻው ይከማቻል፤ ሰንጠረዡም ከነባሩ የትኛው ቁራጭ፣ ከአዲሱ የትኛው ቁራጭ እንደሚከተል ይመዘግባል።

ማይክሮሶፍት ዎርድ በቀደሙት ቅጂዎቹ ይህን መሰል አሠራር እስከ ዲስኩ ድረስ ወስዶት ነበር። «ፈጣን ማስቀመጥ» በተባለው አማራጭ ፋይሉን እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ለውጡን ብቻ ይቀጥልበት ነበር። ጊዜ ቢቆጥብም ፋይሉን አሳበጠ፤ ይባስ ብሎም ጸሐፊው የሰረዘው ቃል በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀር ነበር። አማራጩ በ2007 ቅጂ ቀርቷል።

ታዲያ አስተማማኙ መንገድ የትኛው ነው? ነባሩን ፋይል ከፍቶ በላዩ የሚጽፍ ፕሮግራም መብራት በመሐል ቢጠፋበት አሮጌውንም አዲሱንም ሊያሳጣን ይችላል። ጠንቃቃው ፕሮግራም ግን ሙሉውን ጽሑፍ በጊዜያዊ ፋይል ይጽፋል፤ በእርግጥ ዲስኩ ላይ ማረፉን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ጊዜያዊውን በነባሩ ስም ይሰይመዋል። በዩኒክስና በሊኑክስ ይህ የስም ለውጥ በአንድ እርምጃ የሚፈጸም ስለሆነ፣ በስሙ የምናገኘው አሮጌውን ወይም አዲሱን እንጂ ግማሽ ፋይል አይደለም። ዋጋው ለሁለት ቅጂ የሚበቃ ቦታ ማስፈለጉ ነው።

ገና ያላስቀመጥነውንስ ማን ይጠብቅልን? ቪም የተባለው ፕሮግራም በተለመደው አደረጃጀቱ በየ200 ፊደሉ፣ ወይም መጻፍ ካቆምን ከ4 ሰከንድ በኋላ፣ ለውጡን በሌላ ፋይል ይመዘግባል። መብራት ሲመለስ የጠፋውን ከዚያ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ አያድኑንም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ እናስቀምጥ።