«ትርፍ ኃይል» እና «መጣኝ»፦ ስለ አነስተኛ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ቃላት ማብራሪያ

የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አስቸጋሪው ነገር አዲስ ስም ማውጣቱ ብቻ አይደለም። በሚገባ የታወቀ ቃልም ያለ ቦታው ሲገባ ከባዕድ ቃል ይልቅ ያሳስታል። በአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር መመሪያ ውስጥ «ትርፍ ኃይል» ተብሎ የሚተረጐመውን ሐረግ ለዚህ አብነት አድርገን እንመለከታለን።

በኦስትሪያ የሚሠራው ሮታክስ 912 ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በቋሚ ማግኔት ነው። ማግኔቱ ከሞተሩ ጋር እየዞረ በሽቦ ጥምጥሞች ውስጥ ተለዋዋጭ ጅረት ያስነሣል፤ ሞተሩ በደቂቃ 5800 ጊዜ ሲዞር 250 ዋት ገደማ ይገኛል። በመኪና አልተርኔተር ውስጥ ማግኔቱ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ፍላጎት ሲያንስ ማዳከም ይቻላል። ቋሚ ማግኔት ግን አይዳከምም፤ ሞተሩ በፈጠነ መጠን ቮልቴጁ ይጨምራል። ስለዚህ ጅረቱን ቀጥተኛ የሚያደርግና ቮልቴጁን በ14 ቮልት አካባቢ የሚይዝ መሣሪያ ይታከላል፤ ይኸውም ሬጉሌተር የሚባለው ነው። «ተቆጣጣሪ» የሚለው ቃል ሰውንና መሥሪያ ቤትን ስለሚያስታውስ፣ «መጠነ» ከሚለው ግሥ «መጣኝ» ብለነዋል።

መጣኝ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የጥምጥሙን ጫፎች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ጅረቱም በአጭር መንገድ ወደ ጥምጥሙ ይመለሳል። ይህን «አቋራጭ መጣኝ» እንለዋለን። ሁለተኛው የጅረቱን መንገድ ስለሚከለክል «ከልካይ መጣኝ» ይባላል። «ዘጊ» ያላልንበት ምክንያት በኤሌክትሪክ ትምህርት «ዝግ» መስመር ጅረት የሚያልፍበት በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ራዲዮውና መብራቱ 100 ዋት ብቻ ቢፈልጉ፣ የቀረው 150 ዋት «ትርፍ ኃይል» ሆኖ በመጣኙ ውስጥ የሚቃጠል ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልቴጅና የጅረት ብዜት ነው። አቋራጩ ሲሠራ ጅረት አለ፣ ቮልቴጁ ግን ወድቋል፤ ከልካዩ ሲሠራ ቮልቴጅ አለ፣ ጅረቱ ግን ቆሟል። በሁለቱም ሁኔታ 150 ዋቱ ፈጽሞ አልተመረተም። በመሆኑም «ትርፍ ኃይል» ከማለት «ያልተጠየቀ አቅም» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ጅረት በመጣኙ ከፊል አስተላላፊዎች ውስጥ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። 18 አምፒር በሁለት ተከታታይ አስተላላፊዎች ቢያልፍ 36 ዋት ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ «ጭነት ቀንሱ፣ መጣኙ ይቀዘቅዛል» የሚለው ምክር ለከልካዩ ትክክል ነው። በአቋራጩ ግን መብራቱ ቢጠፋም ጅረቱ መዞሩን ስለማያቆም፣ መጣኙም ጥምጥሙም መጋላቸውን ይቀጥላሉ። ሁለቱን በአንድ ስም የጠቀለለ ተርጓሚ ትክክለኛውን ምክር ላልተገባው መሣሪያ ይሰጣል። መጣኙ በበረራ ላይ ቢበላሽ ደግሞ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፤ ራዲዮውም የሚሠራው በባትሪው ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ይሆናል።

ለሮታክስ 912 መጣኝ የተወሰነው የሙቀት ጣሪያ 80 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ስለሆነም መጣኙ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ሙቀት በሚያስተላልፍ የብረት ገጽ ላይ ይታሰራል። ሙቀቱን ለአየር የሚሰጡትን በላዩ የተደረደሩ ስስ የብረት ጠርዞች «ክንፎች» ማለት ይቀና ይሆናል። ነገር ግን በአውሮፕላን መመሪያ ውስጥ «ክንፎቹን አጽዳ» የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ሠራተኛ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። እኛ ከቀሚስ ስፌት ወስደን «ሽንሽን» እንላለን፤ ቅርጹንም ሆነ ብዙ ገጽን በጠባብ ቦታ የማካተት ጥቅሙን ይገልጻል።

በጠቅላላው፣ ተርጓሚ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥመው ከመዝገበ ቃላት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እናሳስባለን፦ ያልተፈለገው ጅረት ይመለሳል ወይስ ይከለከላል? መልሱ ሲታወቅ ስሙ አብሮ ይገኛል።